የመንኮራኩሩ ደጅ

አንድ ሰው ነበረ። ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። አገሩ ህንድ፣ ዘመኑ እጅግ ሩቅ፣ ከተማው በትልቅ ወንዝ ዳር ነው።

ዘርትሁን ልጄ፣ ቁጭ በይ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ሰርቪስ ቤትሽን የተከራየው ህንዳዊው የሂሳብ መምህር በሃይማኖቱ በዓል ቀን በሩ ላይ በቀይ ቀለም ጫፉ የታጠፈ መስቀል የሚመስል ምልክት ሣለ። ልጆችሽ ያንኑ ምልክት በታሪክ መጽሐፋቸው ውስጥ ሚሊዮኖችን በፈጁ ሰዎች ክንድ ላይ አይተውታል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ዛሬውኑ አስወጪው» ይልሻል። አንቺም «ትርጉሙ የቱ ነው? የእሱ ወይስ የገዳዮቹ?» ብለሽ መጣሽ። ባንድ ቃል ብመልስልሽ ነገ ሌላው ሌላ ቃል ይነግርሽና መልሰሽ ትናወጫለሽ። ስለዚህ የጠራቢውን ነገር ላውራሽ። እዚያ አገር ተማሪ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ናቸው የነገሩኝ።

ጠራቢው በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር። አንዱ መንኮራኩር ነው፤ ሁለተኛው እጅ።

በከተማው ሁለት ዓይነት አማኞች አብረው ይኖሩ ነበር። ሂንዱዎቹ ፀሐይን በሠረገላ ሰማዩን እንደሚያቋርጥ አምላክ ያስቡታል፤ መንኮራኩር ለእነሱ ቀንና ወር፣ ክረምትና በጋ ነው። የቡድሃ ተከታዮች ደግሞ መምህራቸው የመጀመሪያ ትምህርቱን በሰጠ ቀን አንድ መንኮራኩር አንቀሳቀሰ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ከአገር አገር ይሽከረከራል እንጂ አይቆምም። ጠራቢው ለሁለቱም ይጠርባል። በምስሎች ላይ የሚጠርበውንም እጅ እንደዚሁ። ቀኝ እጅ ነው፤ እስከ ትከሻ ከፍ ያለ፣ መዳፉ ወደ ሰው የዞረ። በሂንዱዎቹ አማልክት ምስል ላይም አለ፣ በቡድሃ ምስል ላይም አለ። የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አትፍራ»። እጁ ውስጥ ዱላ የለም፣ ሰይፍ የለም። ባዶ ነው።

እሱ ራሱ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ብዙም አይጨነቅበትም። መንገደኛ ቆሞ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ከሥራው ቀና ሳይል «እኔ ልኩን ነው የማውቀው። ሌላውን ካህናቱን ጠይቅ» ይለዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሥራ የሚወድ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ ነበሩት። ልጁ ራጉ ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፤ የከተማው ጎተራ ጠባቂ ነበር።

አንድ ጊዜ የከተማው ሰዎች፣ ሂንዱውም የቡድሃ ተከታዩም፣ ተመካክረው በመግቢያው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ባለ ቅስት ደጅ ለማቆም ወሰኑ። ጠራቢውን ጠርተው ከቅስቱ በላይ የሚቆም መንኮራኩር አዘዙት። ከአንድ ወጥ ድንጋይ ፈልፍሎ አወጣው። ከመሃሉ ወደ ጠርዙ በሚዘረጉት ጨረሮቹ መካከል ያለውን ድንጋይ ሁሉ አስወግዶ ብርሃን እንዲያልፍ አደረገው። ሰባት ዓመት ፈጀበት።

ሥራው አልቆ የመወጣጫው እንጨት በተነሣበት ጠዋት ሕዝቡ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ብቅ አለች። ከደጁ ጀርባ ወጣች። ያን ጊዜ በመንገዱ አቧራ ላይ አንድ መንኮራኩር ተዘረጋ፤ የብርሃን መንኮራኩር፣ ስድስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቆም። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እሱም ቀስ እያለ ወደ ደጁ ተሳበ። ድንጋዩ እንደቆመ ነው፤ መሬት ላይ ያለው ግን ይሄዳል።  አንዲት ባልቴት እንስራዋን ተሸክማ ልታልፍ ስትል ብርሃኑን እንዳትረግጥ በዳር በዳር ዞራ ሄደች። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት በዳር ማለፍን ልማድ አደረገ። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም።

ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ከዚያ ከወንዙ በታች ባለው ሜዳ አንድ ንጉሥ ተነሣ። አገር አገር ላይ የሚጨምር ንጉሥ ነበር። በሰንደቁ ላይ መንኮራኩር አሠራ። «የእኔ ሠረገላ ያልረገጠው መሬት እንዳይኖር ነው» አለ። ሠራዊቱ ያን ሰንደቅ ይዞ ወደ ላይኛው አገር ወጣ።

ያንን ሦስት ቀን አልዘረዝርልሽም። ሽማግሌውም አልዘረዘሩልኝም። ጎተራው ተቃጠለ። ራጉ ከበሩ አልነቃነቅም ብሎ እዚያው ተገደለ። ከሞቱት ብዙዎች አንዱ እሱ ነው። ወታደሮቹ ባቃጠሉት ቤት ግድግዳ ሁሉ ላይ በከሰል መንኮራኩር እየሣሉ ሄዱ። በኋላ ንጉሡ በንዳድ ሞተ፤ ሠራዊቱም እየታመመ፣ እየተበተነ ተመለሰ። ሰንደቁ ግን በሰው ዓይን ውስጥ ቀረ። ሕፃናት የበሬ ጋሪ መንኮራኩር ባዩ ቁጥር እየጮኹ እናታቸው ጉያ ይገቡ ጀመር። ያ የመግቢያው ደጅም በየጠዋቱ ብርሃኑን መንገድ ላይ ይዘረጋል፤ የሚያየው ሰው ግን ፊቱን ያዞራል።

የከተማው ሰዎች ተሰበሰቡ። «ይህ ነገር ከላያችን ይውረድ» አሉ። ቅስቱን ሳይንድ መንኮራኩሩን ሊያወጣ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። የከተማው ሹም ራሱ ወደ ጠራቢው ቤት ሄደ።

ጠራቢው ከልጁ ሞት ወዲህ መሮ አልነካም። ሹሙ የመጣበትን ነገር ሲነግረው ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። «ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ልጃችንን በላው እኮ።»

«ልጃችንን የበላው ድንጋዩ አይደለም» አላት።

«አውቃለሁ። ድንጋይ መሆኑን አላጣሁትም። ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የማየው የራጉን ሬሳ ነው። አንተ ሌላ ነገር ታያለህ?»

 እሱም የሚያየው ያንኑ ነበረ። መሮውንና መዶሻውን አነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ በደጁ ዙሪያ ተሰበሰበ። መሰላል ቆመ። ጠራቢው ወጣ። የመንኮራኩሩን የመጀመሪያ ጨረር በመዳፉ ዳሰሰው፤ መሮውን አስጠጋ፤ መታ። ነጭ ብናኝ እጁንና ክንዱን አለበሰው። ደግሞ መታ። ስባሪው እታች ወደቀ። ከሕዝቡ መካከል የሚያለቅሱ ነበሩ፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ግን አያውቁትም።

ያን ጊዜ በመንገዱ ላይ አንዲት ሴት ታየች። ከታችኛው አገር አቅጣጫ ነው የምትመጣው። ልጅ አዝላለች። እግሯ ቆስሏል፤ እየተንገዳገደች ትራመዳለች። ቀረብ ስትል አለባበሷ የዚያ የንጉሡ አገር ሆኖ አገኙት። ይበልጥ ስትቀርብ ደግሞ ልጁን ያዘለችበትን ጨርቅ አዩ። የተቀደደ ሰንደቅ ነው። ግማሽ መንኮራኩር አለበት።

ሕዝቡ እንደ ንብ ተመመ። ከመንገዱ ድንጋይ፣ ከወደቀውም ስባሪ እያነሣ እጁን የሞላው ብዙ ነው።

ሴትዮዋ ይህን አላየችም። የምታየው ደጁን ብቻ ነበር። መንገዱ ላይ የተዘረጋውን ብርሃን ስታይ መሮጥ ጀመረች፤ ሮጣ መሃሉ ላይ ደረሰችና ተንበረከከች። ፊቷን መሬት ደፋች። በጀርባዋ ያለው ልጅ ነቅቶ በአካባቢው የቆመውን ሰው ሁሉ ያይ ጀመር።

«ወዴት ነው የምትሮጪው?» አላት አንድ ሰው።

«እዚህ» አለች። «ደረስኩ። አያቴ ነግራኛለች፤ ይህ ምልክት ያለበት ደጅ የመጣበትን እንግዳ አይመልስም። በእኛ አገር መነኮሳቱ በደጃቸው ይህን ጠርበው ለመንገደኛ ውሃና ሩዝ ያኖሩ ነበር። ጎርፍ መንደራችንን ጠርጎ ከወሰደው ወዲህ ሳምንት ሙሉ ይህን ስፈልግ ነው የመጣሁት።»

ሰውዬው ጮኸባት። «በዚህ ምልክት ነው የፈጃችሁን! የተሸከምሽውን አታይም?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። በዙሪያዋ የቆሙትን ያን ጊዜ አየች፤ በእጃቸው ያለውንም አየች። ልጁን ከጀርባዋ አዙራ በደረቷ አቀፈችው።

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። «ባሌ ይህን ይዞ ሄደ። ታሞ ተመለሰ፤ ሞተ። ከጎርፉ ያተረፍኩት ጨርቅ እሱ ብቻ ነው። አያቴ የነገረችኝ ግን ከንጉሡ በፊት ነው። ከንጉሡ በፊት ነው የነገረችኝ።»

ሹሙ ወደ ላይ አንጋጠጠ። «ጠራቢ! ምን ቆመህ ታያለህ? ምታው እንጂ! አውርደውና የምትለው ደጅ እንደሌለ ትይ!»

 ጠራቢው መሳሪያውን ቅስቱ ላይ አኖረና በመሰላሉ መውረድ ጀመረ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። ልጁ የሞተበት አባት ነው፤ የመጀመሪያው ድንጋይ የእሱ ነው ብለው አሰቡ። አንዱ ስባሪ አንሥቶ አስጨበጠው። እሱም ተቀበለ። ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተቀብሏል፤ አልተቀበለም አትበል» ነው ያሉኝ።

ሴትዮዋ ፊት ቆመ።

«ባልሽ እዚህ ከተማ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«ጎተራው ዘንድ ነበር?»

«አላውቅም ጌታዬ። ስለ ጎተራ አልነገረኝም። ከተመለሰ በኋላ ከሰው ጋር አልተነጋገረም። ልጁን እንኳ አልታቀፈም፤ 'እጄ አይንካው' ይል ነበር።»

ጠራቢው ይህን ሲሰማ በእጁ የያዘውን ስባሪ ተመለከተ። አንድ ጎኑ ልስልስ ነው፤ ራሱ በሰባት ዓመቱ ሥራ ያለሰለሰው ጎን ነው። ጣቶቹ ተላቀቁ፤ ድንጋዩ ወደቀ።

ከኋላው ግን ሕዝቡ ይገፋ ጀምሮ ነበር። «አንተ ካልቻልክ ዞር በል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ ክንድ ተነሣ፤ ሌላም ተነሣ። ጠራቢው ዘወር አለ። ዕድሜ ልኩን ተናጋሪ አልነበረም። ሊያቆማቸው ብሎ ብቻ ቀኝ እጁን አነሣ። እስከ ትከሻው። መዳፉን ወደ እነሱ አድርጎ።

እጁ በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኖ ነበር። ክንዱም ነጭ ነው። የጠዋት ፀሐይ ከደጁ ጀርባ፣ በመንኮራኩሩ ጨረሮች መካከል፣ እላዩ ላይ ወደቀች።

ሕዝቡ ባለበት ደረቀ።

ያን እጅ ያውቁታል። ከተወለዱ ጀምሮ ያውቁታል። አበባ ያኖሩለት እጅ ነው፤ የታመመ ልጃቸውን ታቅፈው ከሥሩ የቆሙለት እጅ ነው። አንዳንዱ በሂንዱው መቅደስ፣ አንዳንዱ በቡድሃው ቤት ነው የሰገደለት። ዛሬ ግን ከድንጋይ አልወጣም። ትከሻው ይተነፍሳል።  ከጀርባው አንዲት የጠላት አገር ሴት ከልጇ ጋር ተንበርክካለች፤ እጁም «አትፍሪ» ይላታል። ለእነሱም «አትፍሩ» ይላቸዋል። ያን ጊዜ ነው፣ አሉኝ ሽማግሌው፣ ሕዝቡ እስከዚያ ድረስ እንዴት ይፈራ እንደነበር የገባው። አንዲት የተራበች ሴትና አንድ ሕፃን ከተማውን ሁሉ አስፈርተውት ነበር።

ድንጋይ ሲወድቅ ተሰማ። ደግሞ ሌላ። ከዚያ ብዙ ድንጋይ፣ እንደ ዝናብ መጀመሪያ። የሂንዱው ካህን ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱን መዳፎቹን አጋጥሞ ራሱን ዝቅ አደረገ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ የቡድሃ መነኩሴም እንደዚያው አደረገ። ለማን እንደሰገዱ ማንም አልጠየቃቸውም።

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ወደ ፊት መጣ። ማንም አላስቆመውም። የጠራቢው ሚስት ናት። እየተራመደች መጥታ ከተነሣው እጅ ፊት ቆመች። ጠራቢው ያን ጊዜ ፈራ። ሕዝቡን አልፈራም ነበር፤ እሷን ፈራ። እጁን ግን አላወረደም።

መዳፉን አየችው። ዓይኑን አየችው። ከዚያ በጎኑ አልፋ ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ አለች።

«ልጁን ስጪኝ» አለቻት። «ደክሞሻል።»

ሴትዮዋ አመነታች። ቀስ ብላ ልጁን ሰጠቻት፤ ጨርቁም አብሮ መጣ። የራጉ እናት ጨርቁ ላይ ያለውን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ልትጥለው ነው ብለው ሁሉም አሰቡ። አልጣለችውም። ከልጁ ላይ የተገለጠውን ጫፍ መልሳ አለበሰችውና አቅፋው በደጁ ውስጥ ገባች። ሴትዮዋ ተከተለቻት። ሁለቱም የብርሃኑን መንኮራኩር መሃል ለመሃል ረግጠው አለፉ። ያን ቀን በዳር የዞረ የለም።

መንኮራኩሩ አልወረደም። ከጨረሮቹ አንዱ ላይ የመሮ ቁስል ቀርቷል፤ ይጠገን ያለ ቢኖርም ጠራቢው እምቢ አለ። ሴትዮዋ እዚያው ኖረች፤ ልጇም በዚያ ቤት አደገ። የራጉ እናት ሐዘኗ ቀረ አልልሽም። በዚያ ደጅ ሳታለቅስ ማለፍ ስትጀምር ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። ጠራቢውም ወደ ሥራው ተመለሰ። መንገደኛ ቆሞ ትርጉሙን ሲጠይቀው ግን ካህናቱን ጠይቅ ማለቱን ተወ። መዶሻውን አስቀምጦ መጀመሪያ «ውሃ ጠጥተሃል?» ይለዋል።

እንግዲህ ዘርትሁን፣ ወዳንቺ ጉዳይ ልመለስ።

በመምህሩ በር ላይ የተሣለው ምልክት በጥንት ቋንቋቸው ስሙ «ደህና ይሁን» እንደ ማለት ነው። እነዚያ ገዳዮች ከመወለዳቸው ከሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ቤታቸው እንዲባረክ በደጃቸው ይሥሉት ነበር። ንጉሡ መንኮራኩሩን እንደወሰደ እነሱም ወሰዱት። ልጆችሽ ያነበቡት ግን ሐሰት አይደለም፤ «ተሳስታችኋል» አትበያቸው። በዚያ ምልክት ሥር ልጁ የሞተበት ሰው ሲያየው ቢንቀጠቀጥ ይገባዋል። የራጉን እናት ማን ይወቅሳታል? የዛሬዋ ህንድ እንኳ በሰንደቅ ዓላማዋ መሃል ሰማያዊ መንኮራኩር አላት፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በየቀኑ የሚወስኑት ከሥሩ የሚኖሩት ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አምና ለገና ላሊበላ ወርደሽ ቤተ ማርያምን ተሳልመሽ ተመልሰሻል። ከመስኮቶቿ መካከል ጫፉ የታጠፈ መስቀል ሆኖ የተፈለፈለ አለ። ምናልባት ከሥሩ ቆመሽ ጸልየሻል። አልፈራሽም። ለምን? በዚያ ደጅ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሻ! ምልክቱን ያነበብሽው በቤቱ ውስጥ ከሚደረገው ነው።

ስለዚህ በሩ ላይ የተሣለውን ትርጉም እኔን አትጠይቂኝ። ሄደሽ አንኳኪና እሱን ጠይቂው። የልጆችሽን ፍርሃትም ሳትደብቂ ንገሪው፤ አስተዋይ ሰው ከሆነ ይገባዋል። ጎረቤቶችሽ ሲመጡ ግን በመካከል ቁሚ። ምክንያቱም ልጄ፣ አንቺም በግቢሽ በር ላይ መስቀል አለሽ። ያ ሰው ጠዋትና ማታ በሥሩ ያልፋል፤ አገሩ አይደለም፤ ትርጉሙንም አልተማረም። ማንንም አይጠይቅ ይሆናል። ከአንቺ ያነበዋል።